በገዛ ስም፣ በገዛ ሙያ
ለሥራ ወደ ባሕር ማዶ ስለሚሄዱ ልጆቻችን

ዝቋላ በተባለ ጊዜ የብዙዎቻችሁ አሳብ ወደ ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ተራራ እንደሚሄድ እናውቃለን። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ግን ስለ ሌላው ዝቋላ ነው፤ ይኸውም በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ቆላ በሚያዘነብለው አገር ያለው፣ ከተማው ጽጽቃ የሆነው ወረዳ ነው። በዚያ አገር በቤት ኽምጣኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በቅዳሴ ግዕዝ ይሰማል። ስለዚህ ሌላ ቋንቋ መልመድ ለዝቋላ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ይህን ያነሣነው ወደ ፊት ስለሚጠቅመን ነው።

ከዝቋላ ወጥቶ መሥራትም አዲስ ነገር አይደለም። የአገሬው ጐልማሳ በሰሊጥ አጨዳ ወራት ወደ ሁመራና ወደ መተማ ወርዶ፣ ደመወዙን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። መንገዱም አሠሪውም የታወቁ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ብዙ ቤተ ሰብ አፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ አሰደደ፤ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዝናቡ ቀርቶ ብዙ ከብት አለቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ የተማረው ልጅ «ልሂድ» ቢል ማን ይፈርድበታል? እኛም ሂዱ ወይም ቅሩ ለማለት አልተነሣንም። ልጁ የሚሄድ ከሆነ ግን ቤተ ሰቡ ምን ሊያዘጋጅለት እንደሚገባ እንነጋገር።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ምድር ስለ ክርስትናቸው የተገደሉትን፣ ምእመናንም ሰማዕታተ ሊቢያ እያሉ የሚያስቧቸውን ወንድሞቻችንን የማያስታውስ ክርስቲያን ቤት የለም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ በየመን በአብያን ጠረፍ ጀልባ ተገልብጣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሰጠሙ። እነዚህ ሁሉ ከቤታቸው የወጡት እናትና አባታቸውን ለመርዳት ነበር። ስለዚያ መንገድ ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልገንም፤ የምንጽፈው ረጅም ስለሆነው፣ ብዙ ትዕግሥትም ስለሚጠይቀው ስለ ሌላው መንገድ ነው፤ ይኸውም ሙያ ይዞ፣ በሕግ ተጠርቶ ስለ መሄድ ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ በገባ ጊዜ ያረፈው በአቂላና በጵርስቅላ ቤት እንደ ነበረ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 18 ተጽፏል። አቂላ ትውልዱ ከጳንጦስ ሲሆን፣ ከሮም ተሰዶ የመጣ ሰው ነበር። እነዚህን ስደተኞች ከሐዋርያው ጋር በአንድ ቤት ያኖራቸው ሙያቸው አንድ መሆኑ፣ ሁሉም ድንኳን ሰፊዎች መሆናቸው ነው። በእኛ አገር ግን የእጅ ሙያ ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ስድቡ ግን በአዋጁ ማግስት አልጠፋም። ዛሬም ቢሆን ልጁ ብየዳ ወይም የቧንቧ ሥራ ሲማር «ፊደል ቆጥሮ ቆጥሮ እዚህ ላይ ወደቀ» ብሎ የሚያዝን አባት እናያለን። የባሕር ማዶው አሠሪ የሚፈልገው ግን ይህንኑ በያጅ፣ ይህንኑ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት ፓስፖርት ማውጣት አይደለም፤ ሙያውን በሚገባ መማርና በሙያው መሥራት ነው። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተማረ ሰው ኮሌጁ የሚሰጠው ወረቀት አንድ ነገር ነው፤ ተመዝኖ የሚያገኘው፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ማረጋገጫ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱንም መያዝ አለበት። ከዚያም የሠራበት ድርጅት የሚጽፍለት የሥራ ልምድ ማስረጃ አለ። በአገራችን ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ «ታታሪና ጨዋ ሠራተኛ ነበር» ብሎ ይጨርሳል። ምስጋናው መልካም ነው፤ ነገር ግን እንደ ካናዳ ያለው አገር የሚጠይቀው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደ ሠራ፣ ሥራው በዝርዝር ምን እንደ ነበረ፣ በሳምንትም ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ነው። ይህን ገና በሥራ ላይ ሳለ፣ አለቃው ሳይቀየር፣ መዝገቡም ሳይጠፋ ማጻፍ ይሻላል።

የቋንቋውን ነገር ብዙ ሰው አቃሎ ያየዋል። የጀርመን መንግሥት ከግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ «የዕድል ካርድ» የሚባል ፈቃድ ይሰጣል። ይህም በተማረበት አገር የታወቀ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና ወይም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ላለው፣ ጀርመንኛን በመጀመሪያው ደረጃ ወይም እንግሊዝኛን ቢ2 በሚባለው ደረጃ ለሚያውቅ፣ በዕድሜውና በልምዱ ተቆጥሮም ስድስት ነጥብ ለሞላ ሰው አንድ ዓመት በዚያ አገር ተቀምጦ ሥራ እንዲፈልግ የሚፈቅድ ነው። ነገር ግን አመልካቹ ለዓመቱ የሚኖርበትን ገንዘብ አስቀድሞ እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ይህ ገንዘብ በወር 1,091 ዩሮ ነበር። ለጽጽቃ ቤት ይህ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ለሌለው ሰው የሚቀረው መንገድ ሙያውን በዚያ አገር አስመዝኖ፣ የሥራ ውልም አስቀድሞ አግኝቶ መሄድ ነው፤ ይህም የሚሆነው ቋንቋውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ነው። ለነርስነት ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው የጀርመንኛ ደረጃ ያው ቢ2 ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ከበሽተኛና ከሐኪም ጋር ያለ አስተርጓሚ ይነጋገራል። ይህ የሁለት ወር ትምህርት አይደለም፤ ከዓመት በላይ ቢወስድ የሚያስደንቅ አይሆንም። በአዲስ አበባ ያለው የጀርመን የባህል ተቋም ጎተ ያስተምራል፤ ይፈትናልም። ከሰቆጣ ወጥቶ እዚያ መቀመጥ ቤት ኪራይና ቀለብ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ መቁጠር ነው። በሦስት ቋንቋ ያደገው የዝቋላ ልጅ አራተኛውን እንደማያቅተው ግን እናምናለን።

ነርስን ካነሣን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በሰቆጣ በተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም በወረዳው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ስትሄድ የምትተወው ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ምጥ የያዛት የቆላ እናትም ትጠብቃታለች። ይህን ብለን ነርሷን አንወቅስም፤ ደመወዟ ስንት እንደ ሆነ እናውቃለንና። የዓለም የጤና ድርጅትም ነገሩን አይቶ፣ የጤና ሠራተኛ እጅግ የሚያንሳቸውን 55 አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 በዝርዝር አውጥቷል፤ ኢትዮጵያም በዚያ ውስጥ አለች። ጀርመንና ብሪታንያ ከእነዚህ አገሮች የጤና ሠራተኛ እየዞሩ መመልመልን አይፈቅዱም። ሰው በራሱ ፈቃድ ቢያመለክት ግን አይከለከልም። ታዲያ አንድ ሰው ወደ ሰቆጣ መጥቶ «የለንደን ሆስፒታል ነርሶች እንድመለምል ልኮኛል፤ ለመመዝገቢያ ይህን ያህል ክፈሉ» ቢል ምን ብለን እንመልስለት?

አሁን ወደ ወረቀቱ እንግባ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብንዘገይ አትሰልቹ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላው ኢትዮጵያ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው ልጅ ልደቱ የሚታወቀው በእናቱ ትዝታ ነው፤ «በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ዝናቡ በጠፋበት ዓመት» ትላለች። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ሲነሣ የደብሩ መዝገብ ጽፎት እንደ ሆነ ያ መዝገብ ታላቅ ምስክር ነው። የጥምቀት ምስክር ወረቀት ከደብሩ አስጽፎ መያዝ ለወሳኝ ኩነት ምዝገባ ድጋፍ ከመሆኑም በላይ፣ ወደ ፊት በሰው አገር ተክሊል ለሚፈጽም ሰው ይፈለጋል። በጦርነቱ ዘመን ሰነዱ የጠፋበት ሰው ደግሞ ምትኩን የማውጣቱን ሥራ ዛሬውኑ ይጀምር እንጂ ቪዛ እስኪመጣ አይጠብቅ።

የቀኑ ነገር ብዙ ሰው ያሰናክላል። ኅዳር 12 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቈጣጠር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1997 የተወለደ ነው። ጸሓፊው ሳይለውጥ 12/3/1990 ብሎ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ቢጽፈው ግን፣ ባዕድ ሰው ማርች 12 ቀን 1990 ብሎ ያነበዋል። በአንድ የብዕር ጭረት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀ ማለት ነው። ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው በወረቀቱ ሠላሳ አምስትን ተሻግሮ ይገኛል፤ በጀርመንም በካናዳም ዕድሜ በነጥብ ይቈጠራልና ነጥቡን ያጣል። ከዚህም የሚብሰው ፓስፖርቱ አንድ ቀን፣ የትምህርት ማስረጃው ሌላ ቀን ሲናገር፣ እውነተኛው ሰው እንደ አጭበርባሪ ይታያል።

ስሙም እንዲሁ ነው። ገብረ መድኅን የተባለ ልጅ በአንዱ ወረቀት አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ቃል ሆኖ ይጻፋል፤ ሁለት በሆነበት ጊዜ ባዕዱ «ገብረ»ን ስም፣ «መድኅን»ን የአባት ስም ያደርገዋል፤ እውነተኛው አባትም ከወረቀቱ ይጠፋል። ጽጌ የሚለውን ስም አንዱ ጸሓፊ በቲና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል። የዝቋላን «ቋ» እንኳ አንዱ በኪው ሌላው በኬ ይጽፋል፤ የወረዳው ስም ራሱ በየማኅተሙ ይለያያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈው አጻጻፍ አንድ ሆኖ ተመርጦ፣ ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ወረቀት ሁሉ በዚያው እንዲጻፍ ፊደል በፊደል አስገልብጦ በእጅ መያዝ ነው። በእኛ ሥርዓት ሚስት የባሏን ስም ስለማትወስድ፣ የባልና የሚስት ስም በባዕድ ዓይን የማይተዋወቁ ሰዎች ስም ይመስላል። ስለዚህ በቁርባን የተጋቡ ሰዎች የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት ይዘው በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ጋብቻቸውን ያስመዝግቡ።

ስለ ስም ከተናገርን ዘንድ፣ ለመናገር የሚከብደንን ነገር ደግሞ እንናገር። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ሲሉ የክርስትና ስማቸውን ጥለው፣ የእስልምና ስም አስጽፈው፣ ማዕተባቸውን በጥሰው የሄዱ እኅቶች ነበሩ። ደላላው «ይህ ለወረቀቱ ብቻ ነው» ይላቸዋል። እኛ እነዚህን እኅቶች ለመኰነን አልተቀመጥንም፤ ረኃብ ያለበትን ቤት እናውቃለን። ነገር ግን በሐሰት ስም የሄደች ልጅ ብትታመም በማን ስም ሐኪም ቤት ትገባለች? ደመወዟ ቢቀር በማን ስም ትከሳለች? ብትሞትስ ሬሳዋ በማን ስም ወደ አገሯ ይመለሳል፤ የትኛው ካህንስ በየትኛው ስም ይፈታታል? በጎረቤታችን በእስልምናው ቤትም ቢሆን እምነትን ለቪዛ ብሎ መልበስ ክብር አይደለም። ከዚህ ዓይነቱ መንገድ ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ በገዛ ስም መሄድ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ የሁለት ዓመቱ ረኃብ ግን በእኛ ሳይሆን በእርሷ ቤት መሆኑን ረስተን አይደለም። በዚህ ረገድ የደብሩ ማኅበርተኞችና የሰንበቴ አባላት ከምክር ያለፈ ነገር ሊያደርጉ ይገባቸዋል፤ አንዲት ልጅ ሙያዋን እስክትጨርስ መቀለብ ከአንድ ተዝካር ወጪ አይበልጥም።

አሁን ደግሞ ወደ መጽሐፈ ጦቢት እንመለስ። ጦቢት በሜዶን አገር በራጌስ በአደራ ያስቀመጠው ብር ነበረውና ልጁን ጦብያን ወደዚያ ሊልከው ወደደ። በዚህ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የምናስበው የቅዱስ ሩፋኤልን ረዳትነት ነው፤ ጳጉሜን 3 ቀንም ይነበባል። ዛሬ ግን አባትየው ምን እንዳደረገ ልብ በሉ። አስቀድሞ የአደራውን ጽሑፍ ለልጁ ሰጠው። መንገድ የሚመራው ሰው በመጣ ጊዜም ከየትኛው ነገድ፣ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ጠየቀው እንጂ ፊቱን አይቶ አላመነውም። ከዚያም የቀኑን ደመወዝና የመንገዱን ስንቅ በግልጥ ተዋዋለ፤ በደኅና ቢመለሱም እንደሚጨምርለት ተናገረ። መልአክ መሆኑን ሳያውቅ ከመልአክ ጋር በውል ተነጋገረ፤ እኛ ግን ከደላላ ጋር ያለ ውል እንሄዳለን! የእናትየው የሐና ልቅሶም በዚያው ምዕራፍ ተጽፏል፤ ብሩ ይቅር፣ ልጄ አይሂድብኝ ማለቷን የሰማች የዋግ እናት ራሷን የምታይበት ነው።

የእኛም አገር ሕግ ውሉን ትቶ አይናገርም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923፣ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 የተሻሻለው፣ በኤጀንሲ በኩል የሚሄድን ሠራተኛ ወጪ ለይቶ ያስቀምጣል። የመግቢያ ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ጕዞው፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የመድን ዋስትናውም በአሠሪው ላይ ነው። በሠራተኛው ላይ የሚቀረው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃና የብቃት ማረጋገጫ ክፍያ ነው። ኤጀንሲው ከሠራተኛው የአገልግሎት ዋጋ መቀበል አይፈቀድለትም። እንግዲህ «ለቪዛው» ተብሎ በሬ ከተሸጠ፣ ያ በሬ የተሸጠው ሕጉ ለማያውቀው ዕዳ ነው። የኤጀንሲው ፈቃድ እውነት መሆኑን፣ ውሉም መጽደቁን የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን ወይም በየደረጃው ያለውን ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ይቻላል፤ ለመጠየቅ ገንዘብ አይከፈልም።

ደላላ በሕግ መዘጋት አይከስርም። ከጥቅምት 2006 እስከ 2010 ዓ.ም. ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ መሄድ በመንግሥት ታግዶ በነበረ ጊዜ የሕጉ በር ቢዘጋ የደላላው በር ክፍት ነበር። በቅርቡም ብሪታንያ አረጋውያንንና ድውያንን ለሚንከባከቡ ሠራተኞች ከፍታው የነበረውን መንገድ ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ አገር ለሚመጡ አዲስ አመልካቾች ዘግታለች። ይህን ያልሰማ ሰው ግን ዛሬም የዚያን በር ቁልፍ ሊገዛ ይችላል። ሁለትና ሦስት ዓመት የሚዘጋጅ ሰው በየስድስት ወሩ የሚሄድበትን አገር ሕግ ከራሱ ከመንግሥቱ ገጽ ወይም ከኤምባሲው ይመልከት። የቋንቋ ፈተና ውጤትም ያረጃል፤ ለካናዳው ማመልከቻ ሁለት ዓመት ያለፈው ውጤት አያገለግልም፤ እንግዲህ ሌላው ወረቀት ሳይሟላ ተቻኩሎ መፈተን ብር ማባከን ነው።

ስለ ቤቱ ጥቂት እንበል። ከሁለቱ በሬ አንዱ ቢሸጥ የቀረው ብቻውን አያርስም፤ አባት በስተርጅናው መቀናጆ ፍለጋ ከጎረቤት ደጅ ይቆማል። ስለዚህ ለትምህርቱ የሚሸጥ ነገር ካለ ፍየል ይሁን፣ ማር ይሁን እንጂ የእርሻው መሠረት አይነካ። በአራጣ መበደር ደግሞ ልጁን ገና ሳይሄድ ባሪያ ማድረግ ነው። የሚላከውን ገንዘብ መጠንም ከመሄዱ በፊት ቁጭ ብሎ መነጋገር መልካም ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ለኪራይና ለታክስ እንደሚያልቅ ያላወቀ ቤተ ሰብ «ልጃችን ረሳን» እያለ ይቀየማል፤ ልጁም የማይችለውን እየላከ በሰው አገር ይራባል።

ነፍሱም ስንቅ ትፈልጋለች። በኮሎኝ የቅዱስ ሚካኤል፣ በለንደን የደብረ ጽዮን ቅድስት ማርያም አብያተ ክርስቲያናት አሉን፤ በሌሎች ብዙ ከተሞችም እንዲሁ። ነገር ግን ሥራው ከሚገኝበት ከተማ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ሰዓት በባቡር የሚያስኬድ ሊሆን ይችላል፤ እሑድም የሥራ ተራ ሊደርስ ይችላል፤ ልደትን እኛ የምናከብርበት ታኅሣሥ 29 ቀን በዚያ ተራ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ በሌሊት ተራ እንዴት እንደሚጾም፣ ቅዳሴ በማይገኝበት ሰንበት ምን እንደሚጸልይ ጠይቆ ይሂድ፤ የአባቱንም ስልክ ይያዝ። የንስሐ አባቶችም ልጆቻቸውን በስልክ መጠየቅን እንደ ቀላል ነገር አይዩት፤ ብዙ ልጅ የሚጠፋው በመጀመሪያው ክረምት ነው።

የመንገዱ ቀን ሲደርስ ዋናው ወረቀት ሁሉ በመንገደኛው እጅ እንጂ በሻንጣ አይሁን። ከእያንዳንዱም ቅጂ ተነሥቶ በእናቱ ሣጥን ይቀመጥ፤ የፓስፖርቱ፣ የውሉ፣ የአሠሪው አድራሻ፣ በዚያ አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ። ማንበብ የማትችል እናት እንደ ሆነች የፓስፖርቱን ቅጂ በቀይ ክር፣ የውሉን በነጭ ክር አስራ ትለየው። አንድ ሌሊት ስልክ ቢደወልና «ቁጥሩን ንገሪን» ቢሏት፣ ቀዩን ክር ይዛ ወደ ጎረቤቷ ተማሪ ልጅ ትሮጣለች።